እሑድ በረት ውስጥ የሚቀረው ማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንስሳት ሕክምና ነው። ምጥ የያዛት ላም ጸሎት እስኪያልቅ አትጠብቅም፤ ስለዚህ ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ሰዓት እኔ ብዙ ጊዜ በገበሬ በረት ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ሆኜ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እርሻን፣ ትዳርንና አገልግሎትን አንድ ላይ ይዛችሁ እንደምትቸገሩ አውቃለሁና።

በመጀመሪያ፣ ለእንስሳ ስትሉ ከጉባኤ ስለቀራችሁ እግዚአብሔር የተቀየማችሁ አይምሰላችሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ ስለሚያጠጣ ሰው ሲናገር፣ ሁሉም የሚያደርገውና የማይነቀፍበት ነገር አድርጎ ነው። ዘጸአት 34፥21 ግን ጠንከር ይላል፤ በእርሻና በመከር ወቅትም ቢሆን በሰባተኛው ቀን ዕረፉ ይላል። ሥራ በበዛበት ጊዜ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ሰው ወይ ሕሊናው ያለ በደሉ ይወቅሰዋል፣ ወይ የማሳው ባሪያ ይሆናል።

የቀደሙት ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ዳኞችና የከተማ ነዋሪዎች እሑድ እንዲያርፉ ሲያዝዝ ገበሬውን ነጻ ለቀቀው፤ ለዘር ወይም ለወይን ተከላ የሚመች ቀን ካመለጠ እንደማይመለስ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ538 በዛሬዋ ፈረንሳይ በምትገኘው በኦርሌአን ከተማ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ ደግሞ ሰው ወደ ጸሎት መምጣት እንዲችል እሑድ ከእርሻ ሥራ መቆጠብ ይገባል አለ። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ።

መለየት ያለባችሁ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ሥራ ነው። የምትታለብ ላም ሰዓቷ ካለፈ ጡቷ ይወጠራል፣ ያማታል፣ ለጡት በሽታም ትጋለጣለች። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከደጋገመበት ሳይታጨድ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። እነዚህ አይጠብቁም። አረም፣ የአጥር ጥገና፣ የመሣሪያ እድሳትና ሒሳብ ግን ሰኞን ይጠብቃሉ። እሑድ ጠዋት «አጣዳፊ ነው» ሲባል ከሰማሁት ሥራ አብዛኛው ረቡዕ ሊያልቅ የሚችል ነበር። መኖው ቅዳሜ ማታ ተዘጋጅቶ፣ ገንዳው ሞልቶ ካደረ የሚቀረው ማለብና በረቱን መጥረግ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በአንድ እሑድ የታመመች ላም እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ከቤቱ ምራት በቀር ማንም አልነበረም። የላሟ አንደኛው ጡት ጠጥሯል፣ ይፋጃል፤ ሲታለብ ወተቱ ረግቶ እየተቆራረጠ ይወጣል። ልጅቷ ይህን ካየች ሁለት ቀን ሆኗታል። ብትናገርም ቤተሰቡ ሁሉ በመዝሙር ልምምድና በዝግጅት ተጠምዶ ሰሚ አላገኘችም። ላሟን አክሜ ስጨርስ «አንቺስ መቼ ትሄጃለሽ?» አልኳት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «እኔማ ከብቶቹን ለማን ትቼ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ መልስ በሌሎች ቤቶችም ሰምቻለሁ፤ መላሿ አንዳንዴ ሚስት፣ አንዳንዴ ያረጀች እናት፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው።

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዱ ዘወትር በመዘምራን መካከል የሚቆመው ሌላዋ ዘወትር በረት ስለምትቀር ከሆነ፣ መሥዋዕቱን ያቀረበችው እርሷ ናት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብለው የሚከለክሉ ሰዎች ተወቅሰዋል። ጳውሎስም የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ጠይቋል። አገልጋይ ለመሆን የምትጓጉ ሁሉ ይህን ጥያቄ መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ መልሱት።

ቅዳሜ ማታ ተቀመጡና ነገ ማን እንደሚቀር ተነጋገሩ። ተራው የሁሉም ይሁን፤ ባል ይቅር፣ ሚስት ትሂድ፤ የደረሱ ወንዶች ልጆችም ይቅሩ። ከጉባኤ የተመለሰ ሰው የሰማውን ትምህርት ለቀረው ያካፍል እንጂ ደክሞኛል ብሎ አይተኛ። የሳምንቱ ልምምድና ስብሰባ ሲበዛባችሁ «በዚህ ወር መከር ላይ ነን፤ አንድ ቀን ብቻ እመጣለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም። ካህናቱም ሆኑ መጋቢዎቹ ካልነገራችኋቸው የማለቢያ ሰዓታችሁን ሊያውቁ አይችሉም። የጸሎቱ ሰዓት ጥቂት እንዲገፋ ጠይቁ። ካልሆነም በዕድሜ ወይም በሥራ ምክንያት መምጣት ያቃታቸውን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ቤታቸው ድረስ መጥተው ይጠይቋቸው፣ አብረዋቸውም ይጸልዩ።