መልስ፦ ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ ፊዚክስ

ሰላም መምህር። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር አለኝ፣ ኢንተርኔቱ ግን ክፍለ ጊዜው መሃል ላይ ይቋረጥብኛል፤ ለፊዚክስ ምን ልጠቀም ብለዋል። እኔም ተማሪ ፊት የምትሽከረከረዋን ክብ እያየሁ ላብ በላብ ሆኜ አውቃለሁ።

ማታ ቤትዎ አውርደው ይግቡ። ለፊዚክስ ከፌት (PhET)፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ተማሪ ራሱ እየነካካ ከሚሞክራቸው የሳይንስ ማሳያዎች ስብስብ፣ የተሻለ አላገኘሁም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው፤ ነፃ ነው። አብዛኞቹ ማሳያዎች አንድ አንድ ፋይል ሆነው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታሉ። የኤሌክትሪኩን ይሞክሩት። ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል በማውስ እየጎተቱ ማገናኘት ነው። ሁለተኛ ባትሪ በተከታታይ ሲጨምሩ አምፖሉ ቦግ ይላል። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ካገናኙት ደግሞ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። የኔ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ አልከለክላቸውም። ሾርት ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አይከብድም።

ለንባብ ኪዊክስ (Kiwix) የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የሙሉው ፋይል በጣም ትልቅ ስለሆነ በትምህርት ዓይነት የተከፋፈለውን ይምረጡ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከቤት ሳይወጡ ዋይፋዩን አጥፍተው ፋይሉን ይክፈቱት። «አውርጄዋለሁ» ብዬ ሊንኩን ብቻ ይዤ የገባሁበት ቀን አለ።