ከኮምቦልቻ እስከ ጅቡቲ፦ ብስክሌቱ የሚጫንበትና የሚጋለብበት መንገድ

ጥያቄ
በኮምቦልቻ የምኖር የ34 ዓመት መምህር ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በብስክሌት እስከ ሐርቡ፣ ሲያሰኘንም እስከ ባቲ እንወርዳለን። ተሳቢዎቹ ወደ ሚሌ ሲታጠፉ ባየሁ ቁጥር የመንገዱን መጨረሻ፣ ጅቡቲንና የታጁራን ባሕረ ሰላጤ፣ በብስክሌቴ የማየት ምኞት ያድርብኛል። ለሃያ ዓመት ቦቴ ያሽከረከሩት አጎቴ ግን «ከተማው ሻካራ ነው፤ የብስክሌት አገር አይደለም» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ
አጎትዎ ጅቡቲን ያዩት ከሹፌር ወንበር ላይ ሆነው ነው፤ ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ሰው ፍርዳቸው ስህተት የለበትም። ለጭነት መኪና ሹፌር ጅቡቲ ማለት ወረፋ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ወበቅና ከመኪናው ሥር የሚነጠፍ ሰሌን ነው። ለብስክሌተኛ ግን ሌላ መልክ አላት፤ ይህ የሚሆነው ከተማውንና የባሕሩን ዳርቻ በፔዳል፣ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ብስክሌቱን በመኪና ጭነው ከሄዱ ብቻ ነው።

ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ መውረድ በወረቀት ላይ ያጓጓል። ችግሩ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ መሆኑና ከጭነቱ ብዙው በዚሁ በድንበሩ ኬላ በጋላፊ መስመር መመላለሱ ነው። ሁለት ተሳቢዎች ሲተላለፉ ለሦስተኛ የሚተርፍ አስፋልት የለም። ተሳቢው አጠገብዎ ሲደርስ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዎታል፣ ጅራቱ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ጎማዎቹ ይስብዎታል፤ እኔ ይህን አንድ ጊዜ ከሚሌ በታች ቀምሼ ብስክሌቴን አስጭኛለሁ። ከጋላፊ ወዲያም ዲኪልን አልፎ ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ጥላም ውኃም የለውም። ስለዚህ ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን አስቀድመው ይጨርሱ፣ የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ከአጎትዎ የሥራ ባልደረቦች ይጠይቁ፣ ብስክሌቱንም ፔዳሉን ፈትተው፣ ማኑብሪውን አዙረው ያስጭኑት።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በእኛ ክረምት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሐምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ነፋስም ይነሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ዌል ሻርክ የተባለው፣ በሰው ላይ ጉዳት የማያደርሰው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚገባ ጉዞው ድርብ ዋጋ አለው።

ከተማው ትንሽ ነው። በይፋ የጁን 27 አደባባይ ተብሎ ቢሰየምም ብዙ ሰው ዛሬም ምኒልክ አደባባይ ከሚለው ስፍራ ቢነሱ፣ ቅስት ያላቸውን ነጫጭ አሮጌ ሕንፃዎችና የወደቡን ዳር በአንድ ጠዋት ያዳርሳሉ። ጎህ ሲቀድ ይውጡ፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ግድም ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ለብስክሌተኛ አደገኛው ሰዓት ብዙዎች እንደሚያስቡት ሌሊቱ ሳይሆን ከቀኑ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሲደርስ መኪናው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጣደፋል፣ መስታወት የሚያይም አይኖርም። ሌብነቱን በተመለከተ መርካቶ ላይ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ እዚያም ካደረጉ ይበቃል። በቋንቋም አይቸገሩም፤ በሹፌሮቻችን ምክንያት አማርኛ የሚሰማ ሰው አያጡም።

ለመጀመሪያው ቀን ከከተማው በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የኾር አምባዶ ዳርቻ እመርጥልዎታለሁ። መንገዱ በዶራሌ ወደብ በኩል ስለሚያልፍ ካሜራዎ ከቦርሳ አይውጣ፤ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ የቻይና የጦር ሰፈር ያለው እዚያው አጠገብ ሲሆን፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የጣሊያን ሰፈሮችም በከተማው ዙሪያ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ለለመደ እግር ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቀው አርታ አለ፤ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ባሕሩንም ከላይ ያሳያል። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ወዳለው አሳል ሐይቅ መውረድ ቀላል ነው፤ መውጫው ግን ከነሐሩሩ ስለሚጠብቅዎ ለመልሱ መኪና ይቅጠሩ።

ታጁራን ሳያዩ አይመለሱ። ከወደቡ ጀልባ ስላለ ቀኑን እዚያው ጠይቀው ብስክሌቱን ይዘው ይሻገሩ። ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ይህች ትንሽ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሸዋ የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን የሚጭኑባት በር ነበረች። የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አትሆንበትም።

ጥያቄ
ደሴ ላይ የነፋሁት ጎማ ባሕር ዳርቻ ስደርስ ይፈነዳል ይሉኛል፤ እውነት ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ
ከፍታው እንኳ አያፈነዳውም። ከ2,500 ሜትር ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጎማው በመጠኑ ይለሰልሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያጠነክረዋል፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። የሚጎዳው ብስክሌቱን በቀትር ፀሐይ ላይ ማቆም ነው፤ እኔ የለጠፍኩት ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ማስቲሹ በሙቀት ለስልሶ ተላቅቋል። ሁለት አዲስ ካላማዳሪ ይያዙ። ከጨው ውኃው ዳር ሲመለሱ ካቴናውን ማታውኑ በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፣ በጨርቅ ያድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡት፤ ለጠዋት ካሳደሩት ዝገቱ ይቀድምዎታል።