«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። አብራን የምትሠራ ጓደኛችን በሰባት ወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ናት። ደሴ ሆስፒታል፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች 11 ቀኗ ነው። የሥራ ባልደረቦች ሆነን 6,000 ብር አዋጥተናል። አንዱ «የወርቅ ጉትቻ እንግዛላት» ይላል። ሌላዋ ብርድ ልብስና ሙሉ ልብስ ትላለች። ትልልቆቹ ደግሞ «ልጅ ሳይጸና ልብስ መግዛት ሟርት ነው» ብለው ተቆጡን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለቱ ራሱ ጨነቀን፤ ልጇ በመሣሪያ እየተነፈሰች ምኑን «እንኳን» እንበል? ጸበልስ ይዘን ብንሄድ? ደግሞ ጾም ነው፤ ምን ዓይነት ምግብ እንውሰድ? የምንሄደው ሐሙስ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጨነቃችሁን ነገር እንይ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወጣልና።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውን ቃል ልብ ብለሽ ስሚው። «ማረችሽ» ነው የሚለው። ስለ ልጅ አንድም ቃል የለበትም። እናቶቻችን ምጥ ማለት በሞትና በሕይወት መካከል መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያመሰግኑት እናቲቱ ስለ ተረፈች ነው። ጓደኛችሁም ተርፋለች። ልጇ በመሣሪያ ብትተነፍስም እሷ ተምራለች። በሙሉ አፋችሁ በሏት። እንደውም 11 ቀን ሙሉ ይህን ያላት ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም እንደ እናንተ ፈርቶ ይሆናላ።

ስጦታውም ሰላምታው ወደሚሄድበት ይሂድ። ለእናቲቱ።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለች እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ትልቅ ባለ መስተዋት ሥዕለ አድኅኖ ተሸክሜ። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፋ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ሥዕሉን የምታስቀምጥበት አልነበራትም። እግሯ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንዳይሰበርባት። እኔ ቆሜ ስለ ትዕግሥት አስተማርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል! ስጨርስ «መምህር፣ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመጣ ይይዙልኛል?» አለችኝ። ለካ ሥዕሉን የምታኖርበት አጥታ፣ እኔንም ላለማቋረጥ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ስሄድ «ይሄን የት ታስቀምጠዋለች?» ብዬ ሳልጠይቅ አልገዛም።

ጉትቻው ይቅር። ወርቅ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለክርስትናዋ ቀን ይደርሳል። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮ አይበሳም። ኮሪደር ላይ የምታድር እናት ደግሞ ወርቅ ስትጠብቅ ማደር የለባትም።

ልብስ መግዛት ሟርት ነው ለሚሉት ትልልቆች በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፦ እመቤታችን በቤተ ልሔም ማደሪያ እንኳ አልነበራትም፤ መጠቅለያ ጨርቅ ግን ነበራት። ሉቃስ «በመጠቅለያም ጠቀለለችው» ይላል። መንገድ ላይ ሆና እንኳ አዘጋጅታ ነበር። ለልጅ ማዘጋጀት ሟርት ቢሆን የመጀመሪያዋ ሟርተኛ ማን ልትሆን ነው? ይቅር ይበለንና። ይልቅስ ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ለሆነች ሕፃን ሱቅ ያለው ልብስ ሁሉ ድንኳን ነው። የሚያስፈልጋት ትንሽ የጥጥ ኮፍያና ካልሲ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ በጭንቅላቱ በኩል ደግሞ ይብሳል። እሱንም ነርሷን ጠይቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አሻንጉሊት፣ አበባ፣ ሽቶ አይሆንም። እናንተም ከቡናና ከዕጣን ጭስ ተነሥታችሁ በቀጥታ አትሂዱ።

ስለ ልብስ ካነሣን፣ ለእናቲቱ ከፊቱ እስከ ታች የሚከፈት ቀሚስ ግዙላት። ምክንያት አለኝ። ሐኪሞቹ ሕፃኗ ትንሽ ስትረጋ ልብሷን አውልቀው፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ እናቷ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ያስተኟታል። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ፣ ማሞቂያ መሣሪያ አልበቃ ብሏቸው ነው። ኋላ ግን የእናት ደረት የመሣሪያ ምትክ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ይመክረዋል። አባትም ማድረግ ይችላል። እንግዲህ ያቺ እናት በአንገት የሚጠለቅ ቀሚስ ለብሳ በሰው ፊት እንዴት ትሁን? ከፊት የሚከፈት ቀሚስና አንድ ንጹሕ ነጠላ ከጉትቻው ይበልጣሉ።

አሁን ስለ ምግቡ። አራስ ጾም የለባትም። እናንተ ብትጾሙም ለእሷ ወተት ያለበት አጥሚት፣ እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ ሠርታችሁ ብትወስዱ ጾማችሁ አይሻርም። «እኔ እጾማለሁ» ብላ እምቢ ካለች አትከራከሯት፤ ለንስሐ አባቷ ደውሉላቸውና እሳቸው ይንገሯት። ይህች ሴት ሕፃኗ ጡት መሳብ ስለማትችል ወተቷን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እያለበች ለነርሶች ትሰጣለች። ሌሊትም ጭምር። በቀጭን ቱቦ፣ በሲሪንጅ ተለክቶ ነው ለሕፃኗ የሚገባው። ጠብታም ብትሆን አትጣልም። የማይበላና የማይተኛ ሰው ግን ወተት ከየት ያመጣል? ፔርሙዝ ግዙላት፤ ጥሩውን፣ የማይቀዘቅዘውን። አጥሚት ሞልታችሁ።

እዚህ ላይ አንድ የወሎ ነገር ልጨምር። ከጓደኛችሁ ጎን ያለችው እናት ሙስሊም ልትሆን ትችላለች። እርግጠኛ ነኝ እስካሁን እየተረዳዱ ነው ያሉት፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ነቅታ፣ «አብሽሪ» እየተባባሉ። ሥጋ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ጓደኛችሁ ብቻዋን ልትበላ ነው፤ ያ ደግሞ አንገት ያስደፋል። ከሥጋው ሌላ ሁለቱም የሚበሉት ነገር ይኑር። አጥሚት፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ሙዝ። ሲሆን ሲሆን ለሁለት ሰው አድርጋችሁ ያዙ።

ገንፎው አይቀርም፤ ሕፃኗ ቤት ስትገባ ይሆናል።

ጸበልን በተመለከተ። እናቲቱን ጸበል ብታጠጧት፣ ብትረጩአት መልካም ነው፤ ከክፍሉ ውጭ። ወደ ሕፃኗ ግን እንዳታስገቡ። የምትወስደው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ተቆጥሮ ነው። ሰውነቷም ገና ተሐዋስያንን አይችልም። አንዳንድ ሰው ነርሷ ዞር ስትል በጠርሙስ ክዳን ጠብ ሊያደርግ ይሞክራል። ይህ እምነት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ማተብም፣ ክታብም፣ ቅቤም እንዲሁ። ማተቡን በክርስትናዋ ቀን ታስረዋለች።

ስለ ክርስትና አልጠየቃችሁኝም፤ እዚያ ስትደርሱ ግን መነሣቱ አይቀርም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ነገር ግን ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለ ቀኑ ሳይደርስ ማጥመቅ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የተፈቀደ ነው። ይህን የሚወስኑት ወላጆቹና ካህኑ ናቸው፤ አፈጻጸሙን ካህኑ ከሐኪሞቹ ጋር ይነጋገርበታል። እናንተ ግን «ቶሎ ብታስጠምቋት» እያላችሁ አታስጨንቋት። ለእሷ «ትሞታለች» ያላችኋት ነው የሚመስላት። ከጠየቀቻችሁ ስልኬን ስጧት።

እናቲቱ 80 ቀን እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይህ በጣም የሚከብዳት ይመስለኛል፤ ከመቼውም ይልቅ መግባት በምትፈልግበት ሰዓት። ስለዚህ ስሟን፣ የክርስትና ስሟን ጠይቃችሁ፣ ስለ እሷ ሂዱላት። በቅዳሴ ትታሰብ። ስትመለሱ «ዛሬ ስምሽ ተጠርቷል» ብላችሁ መልእክት ላኩላት። አንድ መስመር ይበቃል።

አፋችሁንም ጠብቁ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ነው ያለው ጌታ። «ታምሜ ጥያቄ አበዛችሁብኝ» አላለም! ስንት ኪሎ ገባች፣ ኦክስጅኑ መቼ ይነሣል፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ ምን አንሥተሽ ነው ያለ ቀኗ የመጣችው፣ ፎቶ አሳዪን። ይህን ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ትመልሳለች። በተለይ ያ «ምን አንሥተሽ ነው» የሚለው ይቅር። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓይነ ስውሩ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታችን እሱም ወላጆቹም አልሠሩም ብሎ ነው የዘጋቸው። «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚባለውም ስብራት ነው። ልጇ እኮ አለች! የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው የተበላሹት።

ከ6,000ው ከግማሽ የማያንስ በእጃቸው ይድረስ። ለባልየው ስጡት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውጣትና መውረድ ምን እንደሚያስወጣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከውጭ ግዙ የሚባል መድኃኒትም አይጠፋም። በፖስታ አሽጋችሁ ስም ዝርዝር አታያይዙበት። በቴሌብር ብትልኩለት ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል፤ በሰው ፊት እጁን አይዘረጋም። የእሱን «እንዴት ነህ»ም አትርሱት፤ አባቶችን ማንም አይጠይቃቸውም።

በቀረው ቀሚሱን፣ ፔርሙዙን፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የስልክ ቻርጀር ግዙ። ከመካከላችሁ አንዷ አቅም ካላት አንድ ሌሊት ትደርላት። እሷ ውስጥ ስትገባ ዕቃ የሚጠብቅ፣ ስትተኛ ነርሷ ስትጠራ የሚቀሰቅስ ሰው። በተራ ብታደርጉት እንዴት ባማረ።

ጋቢም ያዙላት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ አይታወሳችሁም፤ ደሴ ግን ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አይጣል ነው።