የተረፈ ክፍል፣ የተረፈ መምህር፦ ስለ ቅድመ መደበኛ ከኮምቦልቻ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ የተመደብሽ ምክትል ርዕሰ መምህርት እንደሆንሽ፣ ከመስከረም ጀምሮ ቅድመ መደበኛ እንድትከፍቱ እንደታዘዛችሁ፣ በእጃችሁ ያለው አንድ ባዶ ክፍልና ከአንደኛ ክፍል የተነሣች አንዲት መምህርት ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። «ከምን ልጀምር?» ብለሻል። እኔ ደሴ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህንኑ ክፍል ለዓመታት ይዤ አስተምሬአለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ። አብሽሪ፣ ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድመሽ አንድ ልማድ አስቁሚ። በብዙ ትምህርት ቤት ለሕፃናቱ የሚደርሳቸው የተረፈ ነው፤ ሌላ ሰው ያልፈለገው ክፍል፣ የትልልቆቹ አሮጌ ዴስክ፣ ድልድል ሲሠራ ቦታ ያልተገኘላት መምህርት። ርዕሰ መምህሩ «ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው» ቢልሽ አትቀበዪው። የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የኦ ክፍልም፣ ማለት ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት የሚማሩበት ክፍል፣ ከዚያ ወዲህ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከስድስት ዓመቱ አንደኛ ደረጃ በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ አስቀምጧል። ሕፃናቱ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ናቸው። ስማቸው በመዝገብም፣ በየዓመቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚላከው የተማሪ ቁጥርም ላይ መግባቱን ራስሽ አረጋግጪ፤ ያልተቆጠረ ልጅ በጀት ሲደለደልም አይታሰብም።

ስለ መምህርቷ ብዙ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በእርሷ ላይ ነውና። ወድዳ መጥታ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል። በቅጣት መልክ ወይም ጡረታዋ ስለቀረበ «አረፍ ትበል» ተብላ ከሆነ ግን አሁኑኑ ሌላ ፈልጊ። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቅርባችሁ ነው፤ በቅድመ መደበኛ የሠለጠነች መምህርት እንድትመደብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልስ ባይመጣም ደግማችሁ ጠይቁ። ከተመደበች በኋላም በዓመቱ መካከል የሌላ ክፍል መምህር ቀረ ተብሎ እንዳትነሣ ቃል አስገቢ። የአምስት ዓመት ልጅ የሚለምደው ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ሰውን ነው። መምህርቷ በተቀየረች ሳምንት በሩ ላይ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ጥቂቶቹም እስከነጭራሹ ይቀራሉ። ረዳትም ያስፈልጋታል፤ አንዷን ልጅ ወደ መጸዳጃ ስትወስድ የቀሩትን ማን ይጠብቃቸው? ረዳቷ በወላጆች መዋጮ የምትቀጠር ከሆነ፣ ክፍያዋ በየወሩ ሳይቆራረጥ እንዲደርሳት ወላጅ መምህር ኅብረቱ ኃላፊነት ይውሰድ። በየሁለት ወሩ ረዳት የሚለዋወጥባቸው ክፍሎች አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የሴቶቹ አልነበረም።

ባዶው ክፍል የት እንደሆነ አልጻፍሽም። ፎቅ ላይ ወይም ከሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ጎን ከሆነ ለውጪው። ከግቢው በርና ከመጸዳጃው የማይርቅ ይሁን። መጸዳጃውን ደግሞ ራስሽ ሄደሽ በሕፃን ዓይን እዪው። ለትልልቆቹ የተቆፈረው ጉድጓድ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ይፈራሉ፣ ፈርተውም እስከ ቤት ይይዙታል ወይም ልብሳቸው ላይ ይለቁታል። ከዚያ በማግስቱ አፍረው ይቀራሉ፤ ወላጁም «ልጄ ትምህርት ጠላ» ይላል። አንዱን በር ለእነርሱ ብቻ ለዩላቸው፣ አናጺ ቀዳዳውን በእንጨት ያጥብብላቸው፣ ደጁ ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጥ።

ዴስክ ግዢ አትጠብቁ። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን የተሰበረ ዴስክ ሞልቷል፤ እግሩን አሳጥሮ የሚያስተካክል አናጺ በቂ ነው። ወለሉ ላይ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ። በጦርነቱ ወቅት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ብዙ የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ንብረታቸው ሲዘረፍና ሲወድም መምህራን ክፍላቸውን የመለሱት በቆርኪ፣ በጠጠር፣ በጭቃና በካርቶን ነው። ለመቁጠር፣ ለመለየት፣ ለመደርደር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ብዙም አያስፈልግም።

ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ሕፃናቱን ከፈረቃው አውጧቸው፤ ሁልጊዜ ጠዋት ይማሩ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ችግሩ ብዙውን ሕፃን የሚያመጣው ታላቁ መሆኑ ነው፤ የታላቁ ፈረቃ ከሰዓት ሲሆን ሕፃኑ ቤት ይቀራል። በኮምቦልቻ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የእነርሱም ሥራ በፈረቃ ነው። ስለዚህ በምዝገባው ቀን «ማን ያመጣዋል፣ ማን ይወስደዋል?» ብላችሁ ስም ጻፉ፤ የአንድ ሰፈር እናቶችን አገናኝታችሁ በተራ እንዲያመላልሱ አድርጉ። እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋቱ ብርድ ስለሚከብድ ዘግይተን እንጀምራለን። እናንተ ከሐረጎ ተራራ በታች ስለሆናችሁ ብርዱ ያን ያህል አያስቸግራችሁም፤ ይልቅ የእረፍት ሰዓታቸው ከትልልቆቹ ጋር እንዳይገጥም አድርጊ፣ ኳስ የሚያሳድድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከእግሩ ሥር ያለውን አያይም።

በምዝገባው ላይ ሌላም ፈተና አለ። ነጻ ስለሆነ የሦስት ዓመት ልጅ ይዘው ይመጣሉ፤ የሰባት ዓመቱንም «አንድ ዓመት ይቆይ» ይላሉ። እጅን በራስ ላይ አሳልፎ ጆሮን የማስነካቱ ዘዴ ዕድሜ አይነግርሽም። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ ጠይቂ።

ወላጆች በጥቅምት መጥተው «የግል ኬጂው ልጆች እየጻፉ ነው፣ የኛዎቹ ለምን ይዘፍናሉ?» ይሏችኋል። አትደንግጪ፣ መምህርቷም በዚህ ግፊት የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ አውርዳ እንዳታስተምር ጠብቂያት። እርሳስ ለመያዝ ጣት መጀመሪያ ጭቃ ማድቦልቦል አለበት። ፊደሉን በተረት፣ በእንቆቅልሽና በስማቸው ይለዩታል። ወላጆቹን አንድ ጠዋት ጥሪያቸውና ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ልጃቸው ተረት ሰምቶ መልሶ ሲያወራ ያየ አባት ጥያቄው ይቀየራል። በእናንተ አካባቢ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅም ይመጣል። ለሳምንታት ዝም ቢል ሰነፍ ነው እንዳይባል፤ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው ከግቢው ፈልጉለት።

በሰኔ ደግሞ ልጆቹን አንደኛ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አስቀምጧቸው፣ መምህሩንም ይወቁት። መምህርቷ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት መስመር ጽፋ ለእርሱ ታስረክብ፦ ማን በአማርኛ እንደሚቸገር፣ ማን ከሩቅ ሰሌዳ እንደማያይ፣ የማን እናት በማታ ፈረቃ እንደምትሠራ።