ሁሉንም «ጨጓራ» አትበሉት

ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አበሻ ሐኪም ፊት ስለ ሆዱ ሲያወራ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው። የሚያቃጥለው፣ የሚቆርጠው፣ የሚነፋው ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ደም ከታየ ደግሞ «ኪንታሮት»።

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። «ጨጓራዬን ያመኛል» አለ፣ እኔም እንዳለ ተረጎምኩ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘለት። ከወራት በኋላ ሲመለስ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። አሁን ያየችው ሌላ ሐኪም ነበረች። «የሚያምህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» አለችው። ከእምብርቱ በታች፣ በስተቀኝ አሳየ። ጨጓራ እዚያ ምን ሊሠራ? ሌሊት እየተነሳ ሽንት ቤት እንደሚመላለስም የተናገረው ያን ቀን ነው። እስከዚያ አፍሮ ነበር። ሲመረመር ክሮንስ የሚባል አንጀት የሚያቆስል በሽታ ሆኖ ተገኘ።

በሽታው የተሰየመበት ሐኪም ቡሪል ክሮን እና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1932 ከኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ስለ 14 ሕመምተኞች ሲጽፉ፣ ቆስሎ ያገኙት የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነበር። ልጁ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ማለት ነው። በሽታው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ እንደሚችል የታወቀው ኋላ ነው። የክሮንስ ወንድም የሆነው በሽታ አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ትልቁን አንጀት ይይዛል፣ ደሙም ብዙ ጊዜ የሚታየው በእሱ ነው። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም።

ታዲያ ተቅማጥ ሁሉ ይሄ አይደለም። አይቢኤስ የሚባለው አንጀት ሳይቆስል የሚረበሽበት ሕመም በጣም የተለመደ ነው። ለመለየት ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። ፕሮቲኑን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያገኘው ማግኔ ፋገርሆል የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ ነው። አንጀት ሲቆጣ እነዚያ ሴሎች ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም በሰገራ ይወጣል። ኢንፌክሽንና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ የምትውጡትን ሁሉ ተናገሩ። ዝቅ ካለ ግን ኮሎኖስኮፒው፣ ማለትም በፊንጢጣ ካሜራ አስገብቶ አንጀትን የማየት ምርመራው፣ ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። የት እንዳደጋችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አንጀት ሲይዝ በኮሎኖስኮፒ ከክሮንስ ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል፣ ቦታው እንኳ ያው ነው። ቲቢ እምብዛም በማይታይበት አገር የተማረ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ክሮንስን ነው። ለክሮንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድና እነ ኢንፍሊክሲማብ፣ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያደክማሉ፤ የተኛ ቲቢ ሊነሳ ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የምትባል ትልም አለች። ከአፈር በቆዳ በኩል ትገባና ድምጿን አጥፍታ አሥርት ዓመታት ትቆያለች። ስቴሮይድ ሲጀመር ተራብታ በሰውነት ከተሰራጨች ሰው ትገድላለች። አስቀድሞ ከተገኘች ግን ሕክምናዋ ቀላል ነው። «ስቴሮይዱን ከመጀመሬ በፊት ለቲቢ፣ ለጉበት ቫይረሱ ሄፓታይተስ ቢ እና ለዚህች ትል መርምሩኝ» በሉ። ሐኪም ማስተማር ይሆንብኛል ብላችሁ አትሳቀቁ።

ውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችሁንም ልብ በሉ። ክሮንስና ወንድሙ ብርቅ ከሆኑበት አገር የመጡ ሰዎች ልጆች ላይ ከወላጆቻቸው ይልቅ በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ሕፃን ሆዱን ሳይል ቁመቱ ብቻ ቆም ሊል ይችላል።

መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ። ለጉዞ የቢጫ ወባ ክትባት ስትጠየቁም ቆም በሉ። ሕያው ክትባት ስለሆነ መከላከያው ለደከመ ሰው አይሰጥም፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ደግሞ በናታችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ። የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ማን ስለ ሰገራው በግልጽ ያወራል? አስተርጓሚ ጠይቁ። የሰማነውን ይዘን አንወጣም።