ያየሁት ለምን ደበረኝ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዙር ከመጡት ጥያቄዎች ግማሾቹ ጥያቄ አይደሉም፤ ክስ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ሰው በፊልም ከተናደደ ፊልሙን አይቶታል ማለት ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትምታቱ። ወሬ ሳላበዛ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ጓደኛዬ ስትነዘንዘኝ ከርማ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የሚባለውን ፊልም አየሁት። ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ክፍል፣ 12 ወንድ፣ ጭቅጭቅ። በግማሽ ሰዓት እተኛለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። አልተኛሁም። እንዲያውም ወደ መጨረሻው ክፍሉ እየጠበበ የመጣ መሰለኝና ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተች። እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ የሆነ ነገር አድርገውብኛል? (መስኮት ከፋቿ)

መልስ፦ አድርገውብሻል። ሆን ብለው ነው ያደረጉብሽ።

ላላያችሁት፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ልጅ አለ። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለፍርድ የተመረጡ 12 ተራ ሰዎች ክፍል ተዘግቶባቸው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በሙሉ ድምፅ ይወስናሉ። 11ዱ ጥፋተኛ ነው ብለው ጨርሰዋል። አንዱ ብቻ እስቲ መጀመሪያ እንነጋገር ይላል። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው።

አሁን ፊልሙን ሦስት ቦታ ክፈይው። በመጀመሪያው ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዐይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል። በመሃለኛው ከዐይናቸው እኩል ይሆናል። በመጨረሻው ዝቅ ብሎ ሽቅብ ያያቸዋል፤ ያን ጊዜ ነው ኮርኒሱ ብቅ የሚለው። ኮርኒስ ስታዪ ደግሞ ክፍሉ ክዳን እንዳለው ትዝ ይልሻል። ሌንሱም አብሮ ይለዋወጣል፤ ታሪኩ በገፋ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል፣ ረጅም ሌንስ ደግሞ ኋላ ያለውን ግድግዳ ጎትቶ ሰውየው ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ይህን ሁሉ አስቦበት እንዳደረገው ራሱ ጽፏል። ፊልሙ በ1957 የወጣ የመጀመሪያ የሲኒማ ሥራው ነው። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ከህንፃው ሲወጡ ሰፊ ሌንስ ገጠመና ትንፋሽ ሰጠን። አንቺ አልጠበቅሽውም፤ መስኮት ከፈትሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። 96 ደቂቃ ሙሉ የአንዳቸውንም ስም ሳትሰሚ ነው የምታዪው፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። ሁለቱ ስም የሚለዋወጡት መጨረሻ ላይ ደረጃው ጋ ነው፤ እሱንም ይባባሉና ወዲያው ይለያያሉ። እኔ እዚያ ጋ ነው ሁሌ ሆዴ የሚባባው።

የማልወድለት ነገርም አለ። ሰውየው ራሱ ሄዶ ከማስረጃው ጋር አንድ ዓይነት ጩቤ ገዝቶ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። ትዕይንቱ አሪፍ ነው፣ ሰው ያስደነግጣል። ግን ለፍርድ የተቀመጠ ሰው በራሱ ጊዜ ውጭ ወጥቶ ማስረጃ ማሰባሰብ አይፈቀድለትም። ለጓደኛሽ ይህን ንገሪያትና አንቺም በተራሽ ሳቂባት።

ጥያቄ፦ ሰሞኑን ስለ ኑክሌር ጣቢያው አደጋ የተሠራውን ተከታታይ ፊልም «ቼርኖቢል»ን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ያቺ እውነቱን ለማወቅ ሆስፒታል ድረስ የምትሄደዋን ሴት ሳይንቲስት በጣም ወድጃት ለሰው ሁሉ ሳወራላት ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እሷ እኮ የለችም፣ ፈጥረዋት ነው» አለኝ። ሼም ያዘኝ። ተታልያለሁ? (አድናቂዋ)

መልስ፦ አልተታለልክም፤ ቸኩለህ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ በሚመጣው ጽሑፍ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። ኡላና ኾምዩክ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ አደጋውን ሲመረምሩ የነበሩትን ብዙ ሳይንቲስቶች እንድትወክል የተፈጠረች ናት። አንተ ግን በዚያ ሰዓት ወደ እንቅልፍህ ሮጠሃል። ሌሊቱ ስንት ሰዓት ነበር?

እኔን እንዲያውም እሷ አይደለችም የከነከነችኝ። ብዙ ሰውን በአንድ ፊት ማሳየት በአምስት ክፍል ለሚያልቅ ተከታታይ ግድ ነው። የከነከነኝ ፍርድ ቤቱ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ፣ ቀይና ሰማያዊ ካርዶች እየሰካ ሬአክተሩ እንዴት እንደፈነዳ ያስረዳል፣ እኛም ፊዚክስ ሳንማር ይገባናል፣ እጃችንን አገጫችን ላይ አድርገን እናዳምጣለን። እውነተኛው ሌጋሶቭ ግን በዚያ ችሎት አልነበረም። ይህን ካወቅኩ በኋላም ትዕይንቱን እወደዋለሁ፤ ከትዕይንቱ የወሰድኩትን ግን እንደ ታሪክ ለሰው አላወራም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሁለት ሌሊት ላይ ግን እንጣላለን። አራተኛው ክፍል ላይ ያለውን የጣሪያ ትዕይንት ታስታውሳለህ? ወታደሮቹ ከሬአክተሩ የተፈናጠረውን ግራፋይት በአካፋ እየዛቁ መልሰው ወደ ውስጥ ይጥላሉ። በጨረሩ ምክንያት እዚያ ላይ መቆየት የሚችሉት 90 ሰከንድ ብቻ ነው። ካሜራው አንዱን ወጣት ይከተላል፣ ምስሉም አይቆረጥም። ሲሮጥ፣ ሲዝቅ፣ ፍርስራሹ ሲይዘው፣ ትንፋሹ ጭምብሉ ውስጥ ሲጮህ አብረኸው ነህ። ሲመለስ ጫማው ተቀዶ ታያለህ። በቃ። ማንም ምንም አያብራራልህም፤ ያቺ ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነች ራስህ ነህ የምታስበው። ከዚያ በኋላ እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቁጭ ብዬ ነበር። አንተ «ቀጣይ ክፍል» የሚለውን ተጫንክ፤ አይደል?

ሙዚቃውንም በጆሮ ማዳመጫ ድገመው። ያ እንደ ብረት የሚያቃስት ድምፅ ሊትዌኒያ ውስጥ ሥራ ባቆመ እውነተኛ የኑክሌር ጣቢያ ውስጥ የተቀዳ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልም ሁሌ በ1.5 ፍጥነት ነው የማየው። ጊዜ የለኝም። ችግር አለው? (ፈጣኑ)

መልስ፦ ከላይ ያለውን መልስ አንብበሃል? 90 ሰከንዱ ላንተ 60 ሆነ ማለት ነው። ልጁን ቶሎ አወረድክለት፤ እግዜር ይስጥህ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «ሦስተኛው ሲዝን ላይ ይደምቃል» የሚለው ተከታታይ ፊልም አለ። ሁለተኛው ላይ ነኝ፣ እየጎተትኩት ነው። ልቀጥል ወይስ ልተወው? (የሰለቻት)

መልስ፦ ተዪው። 10 ክፍል በ50 ደቂቃ ሲባዛ 500 ደቂቃ ነው፤ ከስምንት ሰዓት በላይ። ሁለት ሲዝን ማለት ደግሞ የዚህ እጥፍ። ሁለት የሥራ ቀን ሙሉ ያልሳበሽ ነገር በሦስተኛው ቀን ይወደዳል ብሎ መጠበቅ ለማያገባ ሰው ቀለበት ማሰር ነው።

ግን ዘገምተኛና አሰልቺ ይለያያሉ። «ዘ ዋየር»ን መጀመሪያ ስሞክረው ሁለተኛው ክፍል ላይ ጥዬው ነበር። ሰው በሰው ላይ፣ ስም በስም ላይ፣ ማን ፖሊስ ማን ሌባ እንደሆነ እንኳን ቶሎ አይለይም። ስመለስበት ገባኝ፤ ዝግታው ዝርክርክነት አልነበረም። ከ2002 እስከ 2008 በአምስት ሲዝን 60 ክፍል የሄደ ሲሆን፣ በየሲዝኑ የአሜሪካዋን ከተማ የባልቲሞርን አንድ ማዕዘን ይከፍታል፦ አደንዛዥ ዕፅ፣ ወደብ፣ የከተማው ፖለቲካ፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ። በየክፍሉ ትንሽ የሆነ ነገር አስይዞሽ ነው የሚሄደው። ያንቺው ባዶ እጅሽን ከሰደደሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ ልጄ። ሴት ልጄ ለልደቴ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ሰጠችኝ። ከባድ ስለሆነ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የማገላብጠው። ሥዕሎቹ ቆንጆ ናቸው። ግን ሃያ ገጽ ካየሁ በኋላ ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። ዐይኔ ነው ዕድሜዬ? (ጡረተኛው)

መልስ፦ ኧረ ዐይንዎም ዕድሜዎም ደህና ናቸው። ጥፋቱ የገጹ ነው።

የሥዕል መጽሐፍ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሁሉንም ሥዕል አንድ ልክ ያደርጋል። የዳሊ ያ ሰዓቶቹ እንደ ሰም የቀለጡበት ሥዕል ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 33 ብቻ ነው። ምናልባት ጉልበትዎ ላይ ካለው መጽሐፍ ያንሳል። የፒካሶ «ገርኒካ» ደግሞ ቁመቱ 3.49 ሜትር፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። በመጽሐፍ ግን ሁለቱም እኩል ገጽ ይደርሳቸዋል። «ገርኒካ» ሲታደል ሁለት ገጽ ላይ ይዘረጋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ መሃል ያለውን ፈረስ የመጽሐፉ ስፌት ይውጠዋል።

እኔ አንድ ቀን ሜትር ይዤ ተነሳሁ። 7.77 ስንት ነው ብዬ ከሳሎኑ ጥግ ጀምሬ ለካሁ። ግድግዳው አለቀ። በሩን አልፌ ኮሪደር ገባሁ። ገና አልሞላም። የቤት ሰው ቆሞ ያየኛል፣ እኔ ሜትሩን ይዤ ወለል ላይ ተንበርክኬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሥዕል በመጽሐፍ ሳየው በር አልፎ የሚሄድ ነገር ነው የሚታየኝ።

ስለዚህ እርስዎም ከሥዕሉ በፊት ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። መጀመሪያ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ነው፣ ቀጥሎ ወርዱ። በእጅዎ አየር ላይ ይስፈሩት። ሞና ሊዛን 77 በ53 ብለው ቢሰፍሯት በክንድዎ እቅፍ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በአንድ ቀን ሃያ ገጽ አይሂዱ። ሁለት ይበቃል።

ቀለሙንም ቃል በቃል አይመኑት። ማተሚያ ቤት የሚሠራው በአብዛኛው በአራት ቀለም ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። በማጉያ መነጽር ቢያዩት ሰማዩ ሁሉ ነጠብጣብ ነው። በእነዚህ አራት የማይደረስባቸው ሰማያዊዎች አሉ፤ ደብዝዘው ነው የሚታተሙት። አንድን ሥዕል በሁለት መጽሐፍ ያወዳድሩ፤ ወንድምና እህት እንጂ አንድ ሰው አይመስሉም።

መጽሐፍ የማይበድለው ሥዕል ከፈለጉ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» ይፈልጉ። እሱ ከመጀመሪያውም በእንጨት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። 25 በ37 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ትልቅ መጽሐፍ ላይ በልኩ ሊታተም ይችላል። ከማዕበሉ ሥር ያሉትን ጀልባዎች ይዩ፣ ቀዛፊዎቹ እንዴት ግንባራቸውን ደፍተው እንደተጣበቁ። እነሱን ለማየት መጽሐፉን ከጉልበትዎ ላይ ማንሳት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ስለ ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎ የተሠራው «ላቪንግ ቪንሰንት» ውብ ነው፣ ግን ደከመኝ። ሁሉም ሲያደንቀው ዝም አልኩ። መሃይም ነኝ? (ዝምተኛዋ)

መልስ፦ አይደለሽም፤ እኔም ደክሞኛል። በ2017 የወጣው ይህ ፊልም ወደ 65,000 የሚጠጉ በዘይት ቀለም የተሳሉ ምስሎች አሉት። 125 ሠዓሊዎች ተረባርበውበታል። ለአንዲት ሰከንድ 12 ሥዕል ማለት ነው። ልፋቱ ባርኔጣ ያስወልቃል። ችግሩ የቫን ጎ ብሩሽ ቆሞ ሲታይ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ እሱን ደግሞ በእውነት ሲያንቀጠቅጡት ዐይን ማረፊያ ያጣል። ያለፈው ታሪክ በጥቁርና ነጭ ሲመጣ እፎይ አላልሽም? እኔ ብዬአለሁ። ታሪኩም ቢሆን አንድ ልጅ ከሰው ሰው እየዞረ ይጠይቃል፣ ይመልሱለታል፣ ሌላው ጋ ይሄዳል። ሰውየውን ከወደድሽው ደብዳቤዎቹን አንብቢ፤ ከ800 በላይ ተርፈዋል፣ አብዛኞቹ ለወንድሙ ለቴዎ የተጻፉ ናቸው። አንዳንዶቹ መሃል ላይ ሊሥል ያሰበውን በቀለም ብዕር ቸክችኮ ያሳየዋል። እዚያ ላይ ዐይንሽ አይደክምም።

ጥያቄ፦ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን ፊልም «ሰቨን ሳሙራይ»ን «ረጅምና ግራ የሚያጋባ» ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ አይደል? ከዚያ በኋላ ጽሑፍህን ማንበብ አቁሜ ነበር። አሁን የጻፍኩልህ ይቅርታ ጠይቅ ለማለት ነው። (የኩሮሳዋ ጠበቃ)

መልስ፦ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርህ፤ ያንን 207 ደቂቃ ያየሁት በስልክ ነበር፣ በሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሰልፍ ላይ ቆሜ።

ባለፈው ወር በትልቅ ስክሪን፣ በአንድ ምሽት፣ መሃል ላይ ባለችው ዕረፍት ብቻ ተነስቼ አየሁት። ገበሬዎቹን ከሽፍታ ለመጠበቅ የመጡት የሳሙራዮቹ (የጃፓን ተዋጊዎቹ) መሪ የሽፍቶቹን ብዛት ወረቀት ላይ በክብ በክብ አድርጎ ይሥላል፤ አንድ ሽፍታ በሞተ ቁጥር አንድ ክብ ይሰርዛል። ስልኬ ላይ እነዚያ ክቦች ነጠብጣብ ነበሩ፤ ምን እንደሆኑም አላስተዋልኩም። ለዚህ ነው ውጊያው ግራ የገባኝ። አሁን ስንት እንደቀሩ አውቃለሁ፤ ዝናቡ ሲጀምር፣ ጭቃው ፈረሱንም ሰውንም ሲይዝ፣ እኔ በልቤ የምቆጥረው ክብ ነው። «ግራ የሚያጋባ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ይቅርታ።

«ረጅም» ያልኩትን ግን ሙሉ በሙሉ አላነሳም። የወጣቱ ሳሙራይና የገበሬዋ ልጅ የፍቅር ነገር አሁንም አሥር ደቂቃ ቢቆረጥለት አልከፋም። ስድብህን ላክ፣ በሚቀጥለው ዙር አወጣዋለሁ።