ኬፕ ኮስት ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

አክራ እሠራ በነበረበት ጊዜ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ሻንጣዬን ይዤ ወደ ኬፕ ኮስት ነበር የምሄደው። ከአክራ ወደ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኝ፣ ረጋ ያለች የጋና የባሕር ዳር ከተማ ናት። ስለ እሷ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሴ።

ወንድሜ፣ አክራ ለስብሰባ እሄዳለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን አታድርገው። ብዙ ሰው ጠዋት ይመጣል፣ ለባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይታጎሩበት የነበረውን የባሕር ዳር ግንብ ያያል፣ ያለቅሳል፣ ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ይገባል። የሞቱትን አስቦ በሕይወት ያሉትን ሳያይ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደር። ጎህ ሲቀድ ወደ ባሕሩ ውረድና ታንኳዎቹ ሲገቡ እይ። ሃያ ሠላሳ ሰው ገመድ ይዞ፣ እየዘፈነ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጎትታል። ሴቶቹ ሳፋ በራሳቸው ላይ አድርገው ዓሣውን ይጠብቃሉ። ዋጋው እዚያው አሸዋው ላይ፣ በጩኸት ይቆረጣል።

ማክሰኞ ግን ባሕሩ ጭር ይላል። የአካባቢው ሕዝብ በሆኑት በፋንቲዎች ዘንድ ማክሰኞ የባሕሩ የእረፍት ቀን ነው፤ ዓሣ አይጠመድም። ወንዶቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ። ወሬ ማውራት ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኝም።

መጓጓዣውስ?

አክራ ካኔሺ መናኸሪያ ሂድ። ትሮትሮ የሚሉት የእኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱን ሜት ይሉታል። ሲሞላ ነው የሚነሳው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ግንቡ ልብ ይሰብራል ይባላል። የ12 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ይዣቸው ልግባ?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ግንቡን በፈረንጆቹ 1653 የጀመሩት ስዊድኖች ናቸው፤ ኋላ እንግሊዞች ያዙት። ከውጭ ስታዪው በኖራ የነጣ፣ መድፎቹ ወደ ባሕር የዞሩ፣ የሚያምር ሕንፃ ነው። ጭንቁ ያለው ከሥር ነው። ለባርነት የሚሸጡት ሰዎች መርከብ እስኪመጣ የሚታጎሩበት ምድር ቤት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን አስጎብኚያችን መብራቱን አጠፋውና ዝም አለ። የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። ከአጠገቤ የቆመው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከወንዶቹ ምድር ቤት በላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሰዎች ከላይ ይዘምሩ ነበር፤ ከሥራቸው ያ ሁሉ ነፍስ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

በመጨረሻ "የማይመለሱበት በር" ወደሚባለው ትደርሳላችሁ። በሩ ሲከፈት ከውጭ የሚጠብቃችሁ የታንኳ ብዛት፣ የተሰጣ መረብና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ወጥታችሁ ዞር ስትሉ በበሩ ሌላኛው ገጽ "የመመለሻ በር" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። በፈረንጆቹ 1998 ከጃማይካና ከአሜሪካ የሁለት በባርነት የኖሩ ሰዎች አጽም መጥቶ በዚሁ በር ገብቷል። እኔ ልጆች ሊያዩት ይገባል የምለው ይህን ነው። የ12 ዓመቱ አጠገብሽ ሆኖ ይግባ፤ ቀድመሽ ንገሪው። ትንሹ ግን ምድር ቤት ባይወርድ ይሻላል። ላይ ያለውን ሙዚየም ይይ፣ በሩ ጋ ስትደርሱ ይቀላቀላችሁ።

ልጄ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ። ልጄ ጋ አክራ ልሄድ ነው። እዚያ ከተማ ምን እበላለሁ?

እማማ፣ አይስጉ። "ሬድ ሬድ" የሚሉት አለ፤ በፓልም ዘይት የተሠራ የቦሎቄ ዓይነት ወጥ ነው፣ ከተጠበሰ ትልቅ ሙዝ ጋር ይቀርባል። ዓሣ እንዳይገባበት አስቀድመው ይንገሯቸው። "ዋቼ" የሚባለው ሩዝና ቦሎቄም ጥሩ ነው። ከእሱ ጋር የሚሰጡት ጥቁር ማባያ ስሙ ሽቶ ነው። ስሙ አያሳስትዎ፣ በርበሬ ነው፤ ደረቅ ዓሣና ሽሪምፕ ስላለበት በጾም ይቅርብዎ።

ኬንኬን ግን ይቅመሱልኝ። የበቆሎ ሊጥ አቡክተው፣ በሙዝ መሳይ ደረቅ ቅጠል ጠቅልለው ይቀቅሉታል። የአክራው በበቆሎ ልባስ ነው የሚጠቀለለው፤ የፋንቲው ግን በቅጠል። ቅጠሉን ሲፈቱት እንፋሎቱ ይወጣል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታው የእንጀራ ሊጥ ያስታውስዎታል። እኔ እንጀራ ሲናፍቀኝ እሱን ነበር የምበላው።

ባሕሩ ያስዋኛል?

ግንቡ አካባቢ አትዋኙ። ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይጎትታል። መዋኘት ለሚፈልግ ከታኮራዲ ከተማ ወደ ምዕራብ ያለችው ቡሱዋ ትሻላለች፤ እዚያም ቢሆን የመንደሩን ሰው ጠይቃችሁ ግቡ።

ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት እንዴት ነው?

ቀን ላይ ምንም አይልሽም። ሰው ሰላምተኛ ነው። ማታ ግን ባሕሩ ዳር ብቻሽን አትሂጂ። ሌላው፣ ግንቡ በር ላይ ወጣቶች ስምሽን በጨዋታ ይጠይቁሻል። ስትወጪ ስምሽ የተጻፈበት ዛጎል ወይም የእጅ አምባር ይዘው "ላንቺ ነው የሠራነው" ይሉሻል። እኔ መጀመሪያ ቀን ከፈልኩ። ካልፈለግሽ ፈገግ ብለሽ "አይ፣ አመሰግናለሁ" በይ፤ አይቀየሙም።

መቼ ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው። ዝናቡ ከሚያዝያ በኋላ ይጠነክራል። በዓል ለሚወድ ግን በፈረንጆቹ መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ፌቱ አፋሂዬ ነው። አሳፎ የሚባሉት የከተማዋ ሰባት የጥንት የጦር ማኅበራት እያንዳንዳቸው በየቀለማቸው ለብሰው ይወጣሉ። አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል?

አዎ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ። የወባ መድኃኒትም ሐኪም አማክራችሁ ያዙ። የቪዛ ደንብ ስለሚቀያየር ከኤምባሲው አጣሩ።

ቋንቋቸውን ሳላውቅ ከሰው ጋር እንዴት እግባባለሁ?

እንግሊዝኛ ይበቃሻል። "ሜዳሴ" ማለት አመሰግናለሁ ነው። ዕቃም ሆነ ገንዘብ በግራ እጅ አትስጪ፤ ነውር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የተወለድሽበትን ቀን እወቂ። እዚያ ሰው በተወለደበት ዕለት ይጠራል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልቱ የቆመው ንክሩማ "ክዋሜ" የተባለው ለቅዳሜ ልጅ በሚሰጠው ስም ነው። ኬፕ ኮስት የተማረው፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው አናን ደግሞ "ኮፊ"፣ የዓርብ ልጅ። ሴት ከሆነች የቅዳሜዋ አማ፣ የእሑዷ ኤሲ፣ የዓርቧ ኤፉዋ ትባላለች። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው፤ ከነገርሻቸው በኋላ በዚያ ስም ነው የሚጠሩሽ። እናትሽ ጋ ደውለሽ ቀኑን ጠይቂ።